ከተጣለው ክምር ውስጥ፦ ግዙፉ ማሽን ቀላሎቹን ቅንጣቶች የት ያጣቸዋል?

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ጄኔቫ አጠገብ ከምድር በታች ካለ አንድ አሮጌ ዋሻ ሁለት ዜናዎች አብረው ወጡ። የመጀመሪያው፣ ቅንጣቶችን እርስ በርስ በሚያጋጭ ማሽን ውስጥ የተወለዱ ኒውትሪኖዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ታዩ የሚል ነበር፤ የዓለም ጋዜጦች ተቀባበሉት። ሁለተኛው፣ ያው መሣሪያ «ጨለማ ፎቶን» የሚባለውን ቅንጣት ፈልጎ አንድም አላገኘም የሚል ነው። ይህኛውን ከሙያው ውጭ የሰማው ሰው ጥቂት ነው። አልተገኘም የሚል ዜና ገበያ የለውም። ይሁንና መሣሪያው በመጀመሪያ የታሰበው ለዚሁ ለሁለተኛው ነበር፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሱ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከእስራኤሏ ከተማ ከኪርያት ጋት የራቀ ይመስላል፤ አይደለም። እስራኤል ከጥር 2014 ጀምሮ የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ የሰርን፣ ሙሉ አባል ናት፤ በቁጥር 21ኛዋ፣ ከአውሮፓ ውጭ ደግሞ የመጀመሪያዋ። ከ2022 እስከ 2024 የሰርንን ምክር ቤት በፕሬዚዳንትነት የመሩት የኢየሩሳሌሙ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኤሊዔዘር ራቢኖቪቺ ነበሩ። ከኪርያት ጋት ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ረሆቮት ላይ ያለው ቫይዝማን ኢንስቲትዩት፣ የሃይፋው ቴክኒዮንና የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ በሰርን ትልቁ ሙከራ በአትላስ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሠርተዋል። ቴክኒዮን ከዚያ ዋሻ መሣሪያ ሠሪዎችም አንዱ ነው። አባልነቱ የሚከፈለው ከመንግሥት ካዝና ነው። በኪርያት ጋት ማታ ማታ የአማርኛ ዜና የሚያዳምጥ ግብር ከፋይም እንግዲህ ወደደም ጠላም በዚህ ፍለጋ ውስጥ ድርሻ አለው፤ ገንዘቡ ምን እንደገዛ መጠየቅም መብቱ ነው።

ፍለጋው ከየት መጣ? ሐምሌ 4 ቀን 2012 ሂግስ ቦሶን መገኘቱ ሲታወጅ የፊዚክስ ሊቃውንት ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሲጠብቁት የነበረው የመሠረታዊ ቅንጣቶች ሠንጠረዥ ሞላ። ሂግስ ከባድ ነው፤ ክብደቱ 125 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ማለትም የ133 ፕሮቶኖች ያህል። ከእሱ ቀጥሎ ሌሎች፣ ይበልጥ ከባድ የሆኑ ቅንጣቶች ይመጣሉ ተብሎ ተጠበቀ። አጽናፈ ዓለሙን የያዘው፣ ከምናየው ቁስ አምስት እጥፍ የሚሆነው ጨለማ ቁስም ከእነዚያ ከባዶች አንዱ ሳይሆን አይቀርም ብለው የገመቱት ብዙ ነበሩ። ከባዶቹ አልመጡም። የሰርን ግዙፍ አጋጪ ማሽን፣ ኤልኤችሲ፣ ኃይሉን ከ8 ወደ 13፣ በ2022 ደግሞ ወደ 13.6 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ከፍ ቢያደርግም አልመጡም።

ያኔ ዓይን ወደ ታች ዞረ። ምናልባት የምንፈልገው ከፕሮቶን የሚቀል፣ ነገር ግን ከተለመደው ቁስ ጋር እምብዛም የማይነካካ ነገር ቢሆንስ? ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1977 ሮቤርቶ ፔቼይና ሄለን ኩዊን አንድ ግራ የሚያጋባ እንቆቅልሽ ለመፍታት አዲስ ሥርዓት አቀረቡ፤ ኒውትሮን በውስጡ አወንታዊና አሉታዊ ሙል እያለው ሁለቱ ከመሃል ፈቀቅ ብለው አይታዩም፤ ለምን? በተከታዩ ዓመት ስቲቨን ዋይንበርግና ፍራንክ ዊልቼክ፣ ያ ሥርዓት እውነት ከሆነ አንድ አዲስ ቀላል ቅንጣት መኖር አለበት አሉ። ዊልቼክ በአንድ የልብስ ማጠቢያ ሳሙና ስም አክሲዮን ብለው ሰየሙት፤ ከባንክ አክሲዮን ጋር ዝምድና የለውም። በ1986 ደግሞ ቦብ ሆልደም ብርሃንን የሚመስል፣ ከተራው ብርሃን ጋር በጥቂቱ ብቻ የሚደባለቅ ሌላ ፎቶን ሊኖር እንደሚችል አሳዩ። ጨለማው ፎቶን ይህ ነው። የሁለቱ ቤተሰብ ዛሬ እጅግ በዝቷል፤ አክሲዮን መሰል የሚባሉት ብቻቸውን ሰፊ ነገድ ሆነዋል።

አንድ ጥርጣሬ እዚህ ላይ መነሣት አለበት፤ የነቃ አንባቢም ያነሣዋል። ቀላል ቅንጣትን ለመፍጠር ትልቅ ኃይል አያስፈልግም። 50 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት የሚመዝነውን ለማውጣት 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ማሽን ምን ይሠራል? ለእጅግ ቀላሉ አክሲዮን፣ ከኤሌክትሮን በቢሊዮኖች እጥፍ ለሚቀለው፣ በእርግጥም አጋጪ ማሽን አይረዳም፤ እሱን የሚፈልጉት በኃይለኛ ማግኔት ውስጥ በተቀመጠ የብረት ክፍል ነው። እዚህ የምንነጋገርባቸው ከአንድ ሜጋ እስከ ጥቂት አሥር ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያሉት ናቸው። ለእነዚህ ግዙፉ ማሽን ሁለት ነገር ይሰጣል፤ ብዛትና ፍጥነት።

ብዛቱ ግልጽ ነው። ፕሮቶኖች ሲጋጩ ከሁሉ በላይ የሚረጨው ፒዮን የሚባለው ቅንጣት ነው። ገለልተኛው ፒዮን ወዲያው ፈርሶ ሁለት ፎቶን ይሆናል፤ ጨለማ ፎቶን ካለ፣ እጅግ አልፎ አልፎ ከሁለቱ የአንዱን ቦታ እሱ ይይዛል። አልፎ አልፎ የሚሆን ነገር ለማየት ብዙ ጊዜ መሞከር ግድ ነው፤ ኤልኤችሲ ደግሞ የሚያመርተውን ፒዮን ቆጥሮ የሚዘልቀው የለም።

የፍጥነቱ ጉዳይ ይበልጥ ያስደንቃል። ደካማ ቅንጣት ቶሎ አይፈርስም፤ ፈጣን ሲሆን ደግሞ አንስታይን እንዳስተማሩት ሰዓቱ ከእኛ አንጻር ይዘገያል። ክብደቱ 50 ሜጋ የሆነ ጨለማ ፎቶን 1 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ይዞ ቢወጣ ዕድሜው 20 ሺህ እጥፍ ይረዝማል። በራሱ ሰዓት 80 ፒኮ ሰከንድ ብቻ የሚኖር፣ ማለት ብርሃን 2.4 ሴንቲ ሜትር እስኪሄድ ድረስ ብቻ የሚቆይ ቢሆን፣ በእኛ ሜትር 480 ሜትር ተጉዞ ይፈርሳል።

480 የሚለው ቁጥር በአጋጣሚ አልመጣም። በ2017 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ጆናታን ፌንግ ከባልደረቦቻቸው ከኢፍታህ ጋሎን፣ ከፌሊክስ ክሊንግና ከሰባስቲያን ትሮያኖቭስኪ ጋር አንድ ቀላል ነገር አስተዋሉ። አትላስና መሰሎቹ ግጭቱን ከበው የተሠሩ ናቸው፤ ከባድ ነገር ሲፈርስ ፍንጣሪው ወደ ጎን ስለሚረጭ። ቀላል ነገር ግን ወደ ጎን አይረጭም፤ የጨረሩን አቅጣጫ ተከትሎ ወደፊት ይነጉዳል። ትልቁ ዳሳሽ ደግሞ በዚያ አቅጣጫ ቀዳዳ አለው፤ ጨረሩ የሚገባበትና የሚወጣበት። 44 ሜትር ርዝመትና 7 ሺህ ቶን ክብደት ያለው አትላስ በመሃሉ በኩል የሚያመልጠውን አያይም። ጨረሩ በማግኔት ተጎትቶ ሲታጠፍ ሙል የሌለው ቅንጣት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መስመሩ ቀጥ ብሎ ሲለካ 480 ሜትር ላይ አንድ ዋሻ ይነካል፤ ቲአይ12። ከ1989 እስከ 2000 የሠራው የቀድሞው አጋጪ፣ ሌፕ፣ ይጠቀምበት የነበረና ከዚያ ወዲህ ሥራ የፈታ ዋሻ ነው። መጀመሪያ ያነሣነው መሣሪያ፣ ፌዘር፣ የተተከለው እዚያ ነው፤ በ2019 ተፈቅዶ በ2021 ገባ፣ በ2022 መረጃ መሰብሰብ ጀመረ።

መሣሪያው ከትልልቆቹ አጠገብ ሲቀመጥ ያሳፍራል። ርዝመቱ 7 ሜትር ገደማ ነው፤ ቅንጣቱ ይፈርስበታል ተብሎ የተተወው ባዶ ስፍራ 1.5 ሜትር፣ የአፉ ግማሽ ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር። የሲሊከን መከታተያዎቹ አትላስ ለመጠባበቂያ ይዟቸው ከነበሩት የተወሰዱ ናቸው፤ ኃይል የሚለካው ክፍል ደግሞ ከኤልኤችሲቢ ሙከራ የተረፈ ነው። ገንዘቡን በአብዛኛው የሰጡት ሁለት የግል ፋውንዴሽኖች፣ ሃይሲንግ ሳይመንስና ሳይመንስ ናቸው። በኪርያት ጋት «ትልቅ ፕሮጀክት» ሲባል ሰው የሚያስበው ኢንቴል በታኅሣሥ 2023 የ25 ቢሊዮን ዶላር ማስፋፊያ አደርጋለሁ ያለበትን፣ ስድስት ወር ሳይሞላ ሥራው ቆሟል የተባለለትን ግንባታ ነው። ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ፌዘር የኪስ ገንዘብ ነው።

የ2023ቱ ዜሮ ምን ያህል ይመዝናል? ከግጭቱ ስፍራ እስከ ዳሳሹ 100 ሜትር ድንጋይ አለ፤ ያንን ሰንጥቀው የሚመጡት ኒውትሪኖና የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ የሆነው ሙዮን ናቸው። ሙዮኖቹ በመግቢያው ላይ በተደረደሩ የሚያበሩ ጠፍጣፋ ዳሳሾች ይያዛሉ፤ ከእነዚህ አንዱ ምልክት ከሰጠ የመጣው ነገር ከውጭ ነው ተብሎ ይጣላል። የሚፈለገው ባዶ ስፍራው ውስጥ ከምንም ብቅ የሚል የኤሌክትሮንና የፖዚትሮን ጥንድ ነው። በሐሰት ሊታይ ይችላል ተብሎ የተሰላው 0.0023 ነበር። ከአራት መቶ አንድ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። የታየውም ዜሮ። በዚህ ንጽሕና ላይ የተገኘ ዜሮ ተራ ዜሮ አይደለም፤ ከ17 እስከ 70 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት በሚመዝኑት መካከል፣ በተወሰነ የመደባለቅ መጠን ላይ፣ ጨለማ ፎቶን የለም ብሎ በር ይዘጋል። ቀድሞ ማንም ያልገባበት ክፍል ነበር። አንድ ዓመት ባልሞላ ሥራ፣ ከተረፈ ዕቃ በተሰበሰበ መሣሪያ።

እዚህ ላይ የራሴን ፍርድ ልናገር። ስለ አዲስ ፊዚክስ በሚጻፈው ሁሉ ጥያቄው «ማሽኑ ምን ያህል ኃይለኛ ነው?» ይሆናል። ለቀላሎቹ ቅንጣቶች ይህ የተሳሳተ ጥያቄ ነው። ትክክለኛዎቹ ሁለት ናቸው፦ ዳሳሹ የት ቆሟል? ከሚያየውስ ምኑን ይጥላል? ፌዘር የመጀመሪያውን መለሰ። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው፤ ለኪርያት ጋት ሰው የሚቀርበውም እሱ ነው።

በኤልኤችሲ የፕሮቶን እሽጎች በየ25 ናኖ ሰከንዱ ይተላለፋሉ፤ በሰከንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ። ሁሉን መዝግቦ ማስቀመጥ የሚችል ኮምፒውተር የለም። ስለዚህ ትሪገር የሚባል መራጭ ሥርዓት አለ። በአትላስ የመጀመሪያው ደረጃ በኤሌክትሮኒክስ ብቻ፣ ከ2.5 ማይክሮ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወስኖ፣ 40 ሚሊዮኑን ወደ 100 ሺህ ያወርደዋል። ሁለተኛው ደረጃ በተራ ፕሮሰሰሮች የተሞላ የኮምፒውተር አዳራሽ ነው፤ 100 ሺውን ወደ 3 ሺህ ገደማ ያወርዳል። ከ13 ሺህ አንዱ ይቀራል። የተጣለው ተጣለ፤ ተመልሶ የሚታይበት መንገድ የለም።

ለመጀመሪያው ውሳኔ ከሚያገለግሉት ክፍሎች አንዱ የሙዮን ዳሳሽ ነው፤ በአትላስ ሁለት ጫፎች ላይ ያለውን ሥራ ደግሞ ረሆቮት ታውቀዋለች። ቀጭን ክፍተት ያላቸው የጋዝ ክፍሎች ናቸው፤ የሽቦው ውፍረት 50 ማይክሮ ሜትር፣ በወርቅ የተለበጠ ቱንግስተን፣ በሽቦና በሽቦ መካከል 1.8 ሚሊ ሜትር፣ ጋዙ የካርቦን ዳይኦክሳይድና የፔንቴን ድብልቅ። ክፍተቱ የጠበበው ለፍጥነት ነው፤ ምልክቱ ቀጣዩ እሽግ ሳይደርስ መውጣት አለበት። እስራኤል ከጃፓንና ከቻይና ጋር ሆና ነው የሠራቻቸው፤ የአትላስን የሙዮን ፕሮጀክት የመሩትም የቫይዝማኑ ጆራ ሚከንበርግ ነበሩ። በ2021 «አዲሱ ትንሽ መንኮራኩር» በሚባለው፣ ወደ 10 ሜትር በሚሰፋው ክፍል ላይ የተሻሻለው ትውልድ ገባ፤ በዚህም የእስራኤል ላቦራቶሪዎች ከካናዳ፣ ከቺሊ፣ ከቻይናና ከሩሲያ ጋር ተሳትፈዋል። የመንኮራኩሩ ዋና ጥቅም ሐሰተኛ ሙዮኖችን ቀድሞ መለየት ነው። ሐሰተኛው ካልተለየ መግቢያው፣ ማለትም ለመመዝገብ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ኃይል፣ ከፍ ይደረጋል፤ መግቢያው ከፍ ሲል የሚጠፉት ለስላሶቹ፣ ትንሽ ኃይል ያላቸው፣ ናቸው። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ያሉት ፕሮሰሰሮች ከገበያ የሚገዙ ናቸው፤ የኪርያት ጋቱ አሠሪ ኢንቴልም ኦፕንላብ በሚባለው የሰርን ፕሮግራም ለዓመታት አጋር ነበር። ይህን የምጽፈው በከተማዋ የተሠራ ቺፕ ሂግስን አገኘ ለማለት አይደለም፤ ይህ ማጋነን ነው። የምለው፣ የዚህ ፍለጋ ወሳኝ ዕቃ የማግኔቱ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ውሳኔ የሚሰጠው ሲሊከን ጭምር መሆኑን ነው።

ትሪገሩ በምን ይመርጣል? በግልጽ ለመናገር፣ በጉልበት። በ2018 አንድ ሙዮን ብቻውን ግጭቱን ለማስመዝገብ ወደ ጎን 26 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ይዞ መውጣት ነበረበት። ደንቡ የተጻፈው ሂግስንና ከእሱ የሚከብዱትን ለሚፈልጉ ነው፤ ለእነሱም ትክክል ነው። ከ2 ጊጋ ቅንጣት የተወለዱ ሁለት ሙዮኖች ግን ከዚያ በታች ይወድቃሉ። ጤፍ በባቄላ ወንፊት እንደ መንፋት ነው፤ ላይ የቀረውን ስትመረምር ጤፍ አላየሁም ትላለህ፣ እውነትህን ነው፣ ግን ጤፉ ሥር ነው። ከ2012 ወዲህ «ኤልኤችሲ ከሂግስ ሌላ ምንም አላገኘም» እየተባለ ሲደጋገም፣ ብዙዎች ላይ ያለውን ብቻ እያዩ ነበር የተናገሩት።

ይህን ችግር ለመወጣት የተሄደባቸው መንገዶች በእኔ ዓይን የዚህ ዘመን እውነተኛ ዕድገት ናቸው፤ ከማንኛውም አዲስ ንድፈ ሐሳብ ይበልጣሉ። ሲኤምኤስ የተባለው ሙከራ ሙሉውን ምስል ከማስቀመጥ ይልቅ ጥቂት ቁጥሮችን ብቻ ይዞ ብዙ ግጭቶችን ማስቀረት ጀመረ፤ የፋይሉ መጠን ሲያንስ መግቢያው ዝቅ ማለት ይችላል። በዚህ መንገድ በ2023 ከ1.1 እስከ 2.6፣ እንዲሁም ከ4.2 እስከ 7.9 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ባለው መካከል ወደ ሁለት ሙዮን የሚፈርስ አዲስ ነገር ፈልጎ፣ አላገኘም። ኤልኤችሲቢ ከዚያም ደፈረ። በ2022 የኤሌክትሮኒክሱን ደረጃ ጨርሶ አውጥቶ ጣለ፤ እያንዳንዱ ግጭት ተነቦ የመጀመሪያው ምርጫ በግራፊክስ ካርዶች ላይ በሶፍትዌር ይደረጋል። ጨዋታ የሚወድ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ካርድ ነው። ደንብ በሽቦ ሲጻፍ ለዓመታት ይጸናል፤ በሶፍትዌር ሲጻፍ ዛሬ ማታ ተለውጦ ነገ ጠዋት በሌላ ዓይን ማየት ይቻላል።

ሌላው መንገድ ማጋጨቱን መተው ነው ብል ያስቃል፤ ግን እንዲያ ነው። በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ማሽኑ በፕሮቶን ፋንታ የእርሳስ ኒውክሊየሶችን ያዞራል። ሁለቱ ሳይነካኩ ተጠጋግተው ሲተላለፉ 82 ፕሮቶን ያለው እያንዳንዱ ኒውክሊየስ ያዘለው የኤሌክትሪክ መስክ እንደ ፎቶን ጎርፍ ሆኖ ከሌላው ጋር ይገናኛል። የብርሃን ከብርሃን ጋር መገናኘት እዚህ የሚያድገው በ82 አራተኛ ርቢ ነው፤ 45 ሚሊዮን እጥፍ። አትላስ በ2017 13 እንዲህ ያሉ ክስተቶችን አሳተመ፤ በ2019 ደግሞ 59 አይቶ ጥርጣሬውን ዘጋ። ፎቶን ከፎቶን ጋር ተጋጭቶ መመለሱ ራሱ ድንቅ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ቀጥሎ ያለው ነው፤ አክሲዮን መሰል ቅንጣት ካለ፣ ሁለቱ ፎቶኖች እሱን ሠርተው እሱ መልሶ ሁለት ፎቶን ሲሆን በአንድ ክብደት ላይ ጉብታ ይታያል። ከ5 እስከ 100 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ባለው ስፍራ ጉብታ አልታየም። ከእነዚህ ግጭቶች የሚወጣው ሁለት ፎቶን ብቻ፣ ሌላው ሁሉ ጸጥ ያለ ስለሆነ ትሪገሩን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ከዚያ ዝቅ ያለውን ክፍል የጃፓኑ ቤል 2 ይዞታል፤ ኤሌክትሮንንና ፖዚትሮንን በ10 ጊጋ ገደማ የሚያጋጭ ነው፣ የቴል አቪቩ አቢ ሶፈርም ከአባላቱ አንዱ ናቸው። በ2020 ከ0.2 እስከ 9.7 ጊጋ ድረስ አክሲዮን መሰሎችን ፈትሾ እሱም ባዶውን ተመልሷል።

ኪርያት ጋት ራሷ የዚህ ዓይነት ታሪክ አላት። በ1950ዎቹ ስትቆረቆር ስሟን ያገኘችው አጠገቧ ያለው ጉብታ፣ ቴል ኤራኒ፣ የጎልያድ አገር የጌት ፍርስራሽ ነው ተብሎ ስለታመነ ነበር፤ ግምቱ የታዋቂው ዊልያም አልብራይት ነው። ከ1956 ጀምሮ ሽሙኤል ዬቪን ሲቆፍሩት ጌት አልወጣችም። የወጣው ከፍልስጥኤማውያን ሁለት ሺህ ዓመት ያህል የሚቀድም ሰፈርና የግብጹ ንጉሥ የናርመር ስም የተቀረጸበት ሸክላ ነው። ጌት ዛሬ ቴል ኤስ ሳፊ በሚባለው በሌላ ጉብታ ላይ ናት ተብሎ ይታመናል። አርኪዮሎጂስቶቹ ያልተገኘውን ነገር እንዳልተገኘ ጽፈው የተገኘውን አሳተሙ። ፌዘርም እንዲሁ አደረገ፤ ጨለማ ፎቶን ሊፈልግ ሄዶ 153 የኒውትሪኖ ክስተቶችን ይዞ ተመለሰ።

አሁን ወደ ጥንቃቄው። ዜሮ ሲበዛ ሰው አንድን ነገር ለማየት ይቸኩላል። በ2016 የሃንጋሪው አቶምኪ ተቋም ቤሪሊየም ኒውክሊየስ ሲረጋ 17 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ የሚመዝን ያልታወቀ ቅንጣት የሚጠቁም ጉብታ አየሁ አለ፤ ጋዜጦች «አምስተኛው ኃይል» አሉት። በስዊዘርላንድ ያለው ሜግ 2 የተባለ ሙከራ በ2024 መጨረሻ ፈትኖት ትርጉም ያለው ምልክት አላየም። የጣሊያኑ ፓድሜ ግን በ2025 እዚያው አካባቢ ትንሽ ትርፍ አየ፤ ዕድል ብቻውን ሊፈጥረው የሚችል ያህል ትንሽ። ክርክሩ አልተዘጋም፤ እኔ ግን ገንዘቤን አላስይዝም። ፌዘር ራሱ በ2024 ወደ ፎቶን የሚፈርሱ አክሲዮን መሰሎችን ፈልጎ አንድ ክስተት አግኝቷል። አንድ! የሐሰቱ ግምት 0.44 ነበር፤ በእንዲህ ያለ ግምት አንድና ከዚያ በላይ በዕድል የመታየቱ ነገር ከመቶ 36 ነው። ሊቃውንቱ ግኝት አላሉትም፤ ከ300 ሜጋ በታች ያለውን አንድ ክፍል ዘጉበት እንጂ። እንዲህ ያለው ጨዋነት የዜና ርዕስ አይሆንም።

ከዚህ የሚከፋ ድክመት ደግሞ በንድፈ ሐሳቡ በኩል አለ። ከባዱ ቅንጣት የት መገኘት እንዳለበት የሚናገር ምክንያት ነበረው፤ በቦታው ሲታጣ ሐሳቡ ተጎዳ። ቀላሉ ግን መሸሻው ብዙ ነው። እዚህ ካልተገኘ ትንሽ ደከም ይላል፤ እዚያም ካልተገኘ ትንሽ ይቀላል። የመደባለቁን መጠን አሥር ጊዜ ቢቀንሱት ማንም አይከስስም። የ1987ቱ ሱፐርኖቫ እጅግ ደካማ የሆኑትን በከፊል ዘግቷል፤ ኮከቡ የተጠበቀውን ያህል ጊዜ ኒውትሪኖ ረጭቷል፣ የተደበቀ ቅንጣት ኃይሉን ቶሎ አውጥቶ ቢሆን ኖሮ አይረጭም ነበር። በእሱና በላቦራቶሪዎቹ ድንበር መካከል ግን ሰፊ ያልታየ ሜዳ አለ። አንድ ሙከራ «ባዶ ነው» ሲል በየትኛው ክብደት፣ በየትኛው ጥንካሬ፣ ወደ ምን ለሚፈርስ ብሎ መጠየቅ የአንባቢው ሥራ ነው። ያለዚያ «የለም» የሚለው ቃልም «ሊኖር ይችላል» የሚለውም እኩል ባዶ ናቸው።

በአማርኛ ለሚያነብ ወጣት፣ ኪርያት ጋትም ይሁን ጎንደር፣ ከዚህ ሁሉ የሚያገኘው ምንድን ነው? ስብከት አልፈልግም፤ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ2014 ሰርን የሙከራዎቹን መረጃ በነጻ የሚያወጣበት በር ከፈተ። በ2019 የቴክኒዮኑ ዮታም ሶሬክ ከአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር፣ ማንም ሊያወርደው የሚችለውን የሲኤምኤስ የ2011 መረጃ ወስደው ወደ ሁለት ሙዮን የሚፈርስ ቀላል ቅንጣት ከ14 እስከ 66 ጊጋ ድረስ ፈለጉ። የሙከራው አባላት አልነበሩም፤ የንድፈ ሐሳብ ሰዎች ናቸው። አላገኙም፣ ግን ለአንዳንድ ሞዴሎች የሙከራዎቹ ባለቤቶች እስከዚያ ያልደረሱበትን ወሰን አስቀመጡ። አትላስም በሐምሌ 2024 65 ቴራባይት የምርምር መረጃ ለቋል። ዲግሪው፣ ትዕግሥቱና ኢንተርኔቱ ካለ፣ ፓስፖርትና ቪዛ የማይጠይቅ ላቦራቶሪ ነው። እርግጥ በክምሩ ውስጥ ያለው ያኔ ትሪገሩ ያሳለፈው ብቻ ነው፤ የ2011ን ወንፊት ዛሬ መቀየር አይቻልም።

የሚቀጥለውን መቀየር ግን ይቻላል። በዕቅዱ መሠረት ኤልኤችሲ ለረጅም ጥገና የሚቆመው በ2026 አጋማሽ ነው፤ በ2030 ገደማ ጨረሩ ተጠናክሮ ይመለሳል። የአትላስ የመጀመሪያው ደረጃ ያኔ በሰከንድ 100 ሺህ ሳይሆን አንድ ሚሊዮን ያሳልፋል፤ ወደ ማከማቻው የሚገባው ደግሞ ወደ 10 ሺህ ከፍ ይላል። በመጋቢት 2024 ሰርን የመረጠው ሺፕ የተባለ ሙከራ በበኩሉ ማጋጨቱን ትቶ 400 ጊጋ ፕሮቶኖችን ከወፍራም ብረት ጋር አላትሞ ከኋላ የሚያልፈውን ሊጠብቅ ነው፤ በ2030ዎቹ መጀመሪያ። እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል የምከታተለው የመጀመሪያውን ነው። ሺፕ አዲስ ሜዳ ይከፍታል፤ የተሻሻለው ትሪገር ግን ከ2010 ጀምሮ በእጃችን አልፈው የተጣሉት ግጭቶች ዓይነት ምን ይዘው እንደነበር ይነግረናል። ትልቁ ወጪ አስቀድሞ ተከፍሏል፤ ማሽኑ ተሠርቷል። የቀረው የመግቢያውን ከፍታ የሚወስኑት ሰዎች ከፍ ያለውን ዝቅ ለማድረግ ምን ያህል ቦታ እንደሚሰጡ ነው፤ ያ ውሳኔ ደግሞ በየሙከራው ስብሰባ ላይ፣ ሂግስን በጥልቀት መለካት ከሚፈልጉት ጋር እየተከራከሩ፣ በሰከንድ የሚመዘገቡትን ግጭቶች በኪሎ ኸርትዝ እየተካፈሉ የሚደረግ ነው።